አምስት ኪሎ ወይስ ስድስት ኪሎ?

እንግዳ መጥቶባችሁ ያላችሁ ጊዜ ግማሽ ቀን ብቻ ቢሆን፣ አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ትወስዱታላችሁ ወይስ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም? ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይኬዳል።

ብሔራዊ ሙዚየም ሲባል መጀመሪያ የምትታወሰው ድንቅነሽ ናት። በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ለጎብኚ የሚታየው ቅጂዋ ነው፣ ዋናው አጥንት ለብቻው ይጠበቃል። ዳሌዋንና ጉልበቷን ልብ ብላችሁ እዩ፤ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር የሚመሰክሩት እነሱ ናቸው። ዲኪካ ላይ አጥንቷ የተገኘው ሕፃን ሰላም ደግሞ በዕድሜ ከእሷም ትበልጣለች፣ 3.3 ሚሊዮን ዓመት!

ስድስት ኪሎ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ቤቱ ራሱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፣ መኝታ ቤታቸውም አለ። እኔን የሚገርመኝ ግን የዕቃው አደራደር ነው። ብሔረሰብ በብሔረሰብ አልተከፋፈለም፤ የሰውን ሕይወት ተከትሎ ከልደት ወደ ልጅነት፣ ከዚያ ወደ ጉልምስናና ወደ ሞት ይሄዳል። ስለዚህ የሩቅ አገር ሰው ልጁን እንዴት እንደሚያሳድግ፣ ሟቹን እንዴት እንደሚሸኝ ከራሳችሁ ቤት ጋር እያስተያያችሁ ታልፋላችሁ። የኮንሶን ዋካ አትለፉት። ለጀግና መታሰቢያ ከእንጨት የሚቀረጽ ነው፤ ሚስቶቹና የገደላቸው ጠላቶችም አብረውት ይቆማሉ።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ድንቅነሽ ጋ ሂዱ። እናታችሁን ወይም አያታችሁን ከሆነ ግን ያለጥርጥር ስድስት ኪሎ፤ እነሱ ስለ እያንዳንዱ ዕቃ የሚያወሩት አያጡም።