ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ኮሌጅ ፓርክ ወይስ ውድ የግል ዩኒቨርሲቲ? ሐኪም መሆን ለሚፈልግ የሜሪላንድ ልጅ

ባለፈው ሚያዝያ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እህቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ሦስት የኮሌጅ መቀበያ ደብዳቤዎች ከረከቦቱ አጠገብ ተደርድረው ነበር። አንዱ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ነው። አንዱ የሁለት ዓመት ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሆነው ከሞንትጎመሪ ኮሌጅ። ሦስተኛው ስሙን ከማልጠራው የግል ዩኒቨርሲቲ። ልጁ ሐኪም መሆን ይፈልጋል። እናቱ ከእሱ የባሰ ትፈልጋለች።

«ሐኪም ይሁንልኝ እንጂ ቤቴንም እሸጣለሁ» አለች።

«አሁን ከሸጥሽው ለሜዲካል ስኩሉ ምን ልትሸጪ ነው?» አልኳት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አገር ቤት ድሮ ልጅ ማትሪክ ካመጣለት ሜዲስን ይመደብ ነበር። አሜሪካ እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ 4 ዓመት ኮሌጅ፣ ቀጥሎ 4 ዓመት ሜዲካል ስኩል፣ ከዚያ ሬዚደንሲ፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ መሠልጠን። ሬዚደንሲው ለቤተሰብ ሕክምና 3 ዓመት፣ ለአንጎል ቀዶ ሕክምና 7 ዓመት ይፈጃል። ፕሪሜድ፣ ማለትም ለሜዲካል ስኩል መዘጋጃው፣ ደግሞ አብዛኛው ቦታ ራሱን የቻለ ዲፓርትመንት አይደለም። ልጁ ታሪክም ያጥና ሙዚቃ፣ ባዮሎጂ፣ ጀነራልና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ ከነላቦራቶሪያቸው (ላብ)፣ ባዮኬሚስትሪም ጨምሮ ከወሰደ ማመልከት ይችላል። ልጃቸው ባዮሎጂ ፍሬሽማን ሆኖ ሳለ «ሜዲስን ገባልኝ» ብለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ያወሩ ወላጆች ትንሽ ቢታገሱ ጥሩ ነው።

ሜዲካል ስኩል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው የኮሌጅ ውጤትና ኤምካት የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ነው። ኤምካት ከ472 እስከ 528 ይታረማል። የገቡት ተማሪዎች አማካይ ከ511 በላይ ነው፤ ጂፒኤያቸውም ከ3.7 ያልፋል። ከሚያመለክተው ግማሹ እንኳ አይገባም። የኮሌጁ ስም ይረዳል፣ ግን 3.2ን ወደ 3.8 አይቀይርም።

አሁን ወደ ብሩ። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ለካውንቲው ነዋሪ በዓመት 5,000 ዶላር አካባቢ ነው። ኮሌጅ ፓርክ ለሜሪላንድ ነዋሪ 12,000 ገደማ። ሁለት ዓመት ሞንትጎመሪ ተምሮ ቢዛወር 14,000 ይተርፋል ማለት ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ግን ዶርምና ምግብ ለአንድ ዓመት ብቻ 15,000 ዶላር ገደማ ነው! ኪስ የሚያራቁተው ትምህርቱ ሳይሆን አልጋው ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ኮሌጅ ፓርክ ደግሞ ቅርብ ነው። ስለዚህ «የቱ ኮሌጅ?» ከሚለው በፊት «የት ያድራል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሞንትጎመሪ ክፍሉ ትንሽ ነው፤ አስተማሪው ልጁን በስሙ ያውቀዋል። ለሜዲካል ስኩል የአስተማሪ ምስክርነት ደብዳቤ ሲያስፈልግ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኮሌጅ ፓርክ ጀነራል ኬሚስትሪን ከብዙ መቶ ልጅ ጋር አዳራሽ ውስጥ ይማሩታል። በአንጻሩ የምርምር ላብ እዚያው ግቢው ውስጥ አለ።

የሞንትጎመሪ ድካም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሳይንሱን በሙሉ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የጨረሰን ልጅ አንዳንድ ሜዲካል ስኩሎች ቅር እያላቸው ነው የሚያዩት። መላው ቀላል ነው፦ ጀነራል ኬሚስትሪን እዚያ ውሰድ፣ ባዮኬሚስትሪንና ከፍ ያሉትን የባዮሎጂ ኮርሶች ከተዛወርክ በኋላ ጥሩ አድርገህ ሥራ። ለነርሲንግ ተማሪ የሚሰጠውን ቀለል ያለ ኬሚስትሪ ግን እንዳትወስድ፤ ለሜዲካል ስኩል አይቆጠርም። የትኛው ኮርስ እንደሚዛወር አርትሲስ የሚባለው የሜሪላንድ ድረ ገጽ ላይ አስቀድሞ ይታያል።

ሁለተኛውን ማንም አይነግራችሁም። ቤት የሚያድር ልጅ የቤቱ ልጅ ነው። ወንድሙን ከትምህርት ቤት ያመጣል፣ ለእናቱ የኢንሹራንስ ስልክ ይደውላል፣ ለሰርጉም ለለቅሶውም ሹፌር ነው። እሱ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሲወድቅ «ኮሌጁ ነው» እንላለን። ኮሌጁ አይደለም፣ እኛ ነን። የወደቀው ደግሞ ተደግሞ አይሰረዝም፤ ሁለቱም ውጤት ይቆጠራል። ሃይስኩል እያለ የወሰደው የኮሌጅ ኮርስም ጭምር!

የግሉ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ላይ በትልቁ 45,000 ዶላር ድጋፍ ይላል። እህቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። መነጽሬን አድርጌ መስመር በመስመር አነበብኩት። 18,000ው የወላጅ ብድር ነው። 5,500ው የተማሪ ብድር። 2,500ው ልጁ ሠርቶ የሚያገኘው ደመወዝ። እውነተኛው ስጦታ 19,000 ብቻ። ትምህርቱ 62,000 ነው፤ ምግብና አልጋ ሳይጨመር። ብድርን «ድጋፍ» ብሎ መጻፍ ነውር ነው፤ ግን ይጽፉታል።

የግል ሁሉ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። ጆንስ ሆፕኪንስን የመሰሉ ሀብታም ዩኒቨርሲቲዎች ገቢው አነስተኛ ለሆነ ቤተሰብ ልጅ ያለ ብድር ይሰጣሉ፤ ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲም ሊረክሱ ይችላሉ። ሳያመለክቱ በዋጋው መደንገጥ ሞኝነት ነው። እንደ ብራውን ያሉት ደግሞ ኮሌጁንና ሜዲካል ስኩሉን በአንድ ጊዜ ይቀበላሉ፣ 8 ዓመት። የሚያገኘው ግን እጅግ ጥቂት ልጅ ስለሆነ ዕቅድ አይሆንም።

ቤቱን አትሽጪ ያልኩበት ምክንያት ይኸው። ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው የመንግሥት ብድር ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል። የሜዲካል ተማሪ ከመንግሥት የሚበደረው በዓመት እስከ 50,000፣ በጠቅላላው እስከ 200,000 ዶላር ነው። ብዙ ሜዲካል ስኩል በኑሮው ተደምሮ ከዚያ ይበልጣል። የጎደለውን የግል ባንክ ያበድራል፤ ባንኩ ደግሞ አብሮ የሚፈርም ሰው ይፈልጋል። እናት በኮሌጁ ዘመን የወላጅ ብድር ተሸክማ ክሬዲቷን ከጨረሰች ያን ቀን ማን ሊፈርም ነው? ነጻ የሚያስተምሩ አሉ፤ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ከ2018፣ አልበርት አይንስታይን ከ2024 ጀምሮ። ጆንስ ሆፕኪንስም ከ300,000 ዶላር በታች ለሚያገኝ ቤተሰብ ልጅ የሜዲካል ስኩል ክፍያ አይጠይቅም። በሩ ግን ጠባብ ነው።

በአሳይለም (ጥገኝነት) ጉዳይ ላይ ያላችሁ ደግሞ ከኮሌጁ ይልቅ ወረቀቱን አስቀድሙ። ብዙ ሜዲካል ስኩል ከዜጋና ከግሪን ካርድ ባለቤት ውጭ አይቀበልም።

እኔ ሞንትጎመሪን መርጬ ነበር። ልጁ ኮሌጅ ፓርክን አለ፤ ከቤት እየተመላለሰ። ልክ ሳይሆን አይቀርም፤ ላብ ውስጥ መሥራት የሚወድ ልጅ ነው። እናቱም ተስማማች፣ ቤቱም አልተሸጠም። የላቡ ቀናት ማክሰኞና ሐሙስ ናቸው። በእነዚያ ቀናት ታናሽ ወንድሙን ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔ ነኝ።