ሳንቲያጎ በእግር፦ የትኛው መምሪያ፣ የትኛው አልጋ? ከአዲስ አበባ ለሚነሡ የተዘጋጀ ንጽጽር

የሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር አለበት ወደሚባለው የስፔኑ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ በእግር ለመሳለም የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ መንገዱን የሚያሳይ መምሪያ መጽሐፍ ይገዛል፤ አልጋውን «እዚያው ስንደርስ» ይለዋል። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ሰው ግን ነገሩ መገልበጥ አለበት፤ ምክንያቱም ቪዛ አለ። የሼንገን፣ ማለትም የስፔንና የአብዛኞቹ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ ማመልከቻ ከ30,000 ዩሮ ያላነሰ ሽፋን ካለው የጉዞ መድን ጋር የማረፊያ ማስረጃም ይጠይቃል። በመንገዱ ላይ ያሉት ርካሾቹ የመንግሥትና የማዘጋጃ ቤት ማረፊያዎች ደግሞ በአብዛኛው ቀድመው አልጋ አይይዙም፤ ቀድሞ የደረሰ ይተኛል። ርካሹ አልጋ ለኤምባሲ የሚሆን ወረቀት የለውም ማለት ነው።

የመንገዱ ርዝመት ምርጫውን ይወስናል። ከፈረንሳይዋ ሴን ዣን ፒዬ ደ ፖር የሚጀምረው ሙሉው መንገድ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከ30 ቀን በላይ ይወስዳል። ከስፔኗ ከተማ ከሳሪያ የሚጀምረው 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በ5 ወይም በ6 ቀን ያልቃል፤ በእግር ለተሳለመ ሰው ሳንቲያጎ ላይ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት የሚጠየቀውን 100 ኪሎ ሜትርም ይሞላል። የዓመት ፈቃዱ አጭር ለሆነ ሠራተኛ የሚሆነው ሳሪያ ነው።

አልጋ

የማዘጋጃ ቤት ማረፊያ፣ በስፔንኛ አልቤርጌ። ሳንቲያጎ የምትገኝበት የጋሊሲያ ክልል መንግሥት በሚያስተዳድራቸው ዋጋው 10 ዩሮ ነው። ተደራራቢ አልጋ፣ ሙቅ ሻወርና አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ስስ አንሶላ ያገኛሉ። ከቀትር በኋላ ይከፈታል፣ ማታ 4 ሰዓት ላይ በሩ ይዘጋል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ሳይሞላ ይወጣሉ፤ የሚያድሩትም አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ትልቁ ጉድለቱ ማእድ ቤቱ ነው፤ ምድጃ አለ፣ ድስት ግን ብዙ ጊዜ የለም። ለሚጾም ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የስፔን ምስር ወጥ ሳይቀር ቾሪሶ የሚባል የአሳማ ቋሊማ ይገባበታልና በራስ አብስሎ መብላት የግድ ይሆናል። ትንሽ ቀላል ድስት ይያዙ፤ ሽሮና በርበሬም ከቤት ይዞ መሄድ ይቻላል። ቅቤና ቋንጣ ግን ይተዉ፤ የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በሻንጣ የሚገባ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይከለክላል። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ከሄዱ ረቡዕም ዓርብም ጾም ስለሌለ ሐሳቡ ይቀልልዎታል፤ አየሩም ለእግር መንገድ የሚመች ነው።

የደብርና የገዳም ማረፊያ። የሚከፈለው በሣጥን የሚጣል ስጦታ ነው። ነጻ ነው ብለው አይለፉት፤ የነገውን እንግዳ እራት የሚገዛው የዛሬው ሣጥን ነው። እራት በጋራ የሚበላበት ቤት ይበዛልና ጾመኛ ሰው ገና ሲገባ ቢናገር ጥሩ ነው።

የግል አልቤርጌ። ለአንድ አልጋ በአብዛኛው ከ12 እስከ 20 ዩሮ። ቀድሞ ይያዛል፣ የማረጋገጫ ወረቀት ይሰጣል፤ የተሟላ ማእድ ቤት የመገኘት ዕድሉም ይሻላል። በኢንተርኔት ለመያዝ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል፤ ካርዱን ከባንክዎ ቀድመው ያውጡ፤ «ሲደርሱ የሚከፈል» ከሚለው ጋር እንኳ ቁጥሩ ይጠየቃልና።

ፔንሲዮን። ስሙ አዲስ አበባ ላይ ያተረፈው ሐሜት እዚያ የለበትም፤ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ጸጥ ያለ ማረፊያ ነው። ክፍሉ ከ40 ዩሮ በላይ ስለሚደርስ ለብቸኛ ሰው ይከብዳል። ለባልና ሚስት ግን ሁለት የግል አልቤርጌ አልጋ ላይ ጥቂት ቢጨምሩ በሩ የሚቆለፍ ክፍል ነው፤ እንቅልፉ ቀላል ለሆነ ሰውም 20 ሰው ከሚያንኮራፋበት አዳራሽ ይሻላል።

የእኛ ምርጫ፦ ከሳሪያ ለሚጀምር ሁሉንም ሌሊት የግል አልቤርጌ። ፖርቶማሪን፣ ፓላስ ደ ሬይ፣ አርሱዋ፣ ኦ ፔድሮውሶ፣ ከዚያ ሳንቲያጎ። ከፓላስ እስከ አርሱዋ ያለው 29 ኪሎ ሜትር ከበዛብዎ ሜሊዴ ላይ ይክፈሉት። ማመልከቻው ላይ በየቀኑ ከየት እስከ የት እንደሚሄዱ የሚያሳይ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ ያያይዙ፤ በየቀኑ ከተማ የሚቀይር ሰው ያለ ማብራሪያ ግራ ያጋባል። ሙሉውን ለሚሄድ ደግሞ መጀመሪያውንና ከሳሪያ ወዲያ ያለውን አጥብቆ መያዝ፣ መሐሉን ያለ ቅጣት በሚሰረዝ ቦታ መሸፈን ይሻላል። ቪዛው ከወጣ በኋላ ሁሉንም ሰርዞ መብረር ግን አይመከርም፤ የድንበር ፖሊስም የማረፊያ ማስረጃ የመጠየቅ መብት አለው። ማመልከቻው ከጉዞው በፊት ከ6 ወር ወዲህ፣ ከ15 ቀን በፊት መግባት አለበት።

መምሪያ

መንገዱን ለማግኘት መጽሐፍ እምብዛም አያስፈልግም። ቢጫ ቀስትና የዛጎል ምልክት ከመነሻ እስከ መድረሻ ይመራሉ፤ ጋሊሲያ ውስጥ የድንጋይ ምሶሶዎች የቀረውን ኪሎ ሜትር እስከ ሜትሩ ጽፈው ቆመዋል። መምሪያ የሚገዛው ለአልጋ፣ ለውሃና ለዳገት ነው። ስለዚህ ገልጠው ሲያዩ ሥዕሉን ይለፉና ሦስት ነገር ይፈልጉ፦ የየማረፊያው የአልጋ ብዛትና ስልክ፣ ማእድ ቤት መኖሩ፣ የየቀኑ የከፍታ መስመር።

የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ባትሪ አይጨርስም፣ ዝናብም በቀላሉ አያጠፋውም፤ ግን እስከ 300 ግራም ይመዝናል። አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡበት ካገኙ የሽፋኑን ውበት ትተው የታተመበትን ዓመት ይዩ። ከፈረንጆቹ 2020 በፊት የታተመ ከሆነ የማረፊያ ዝርዝሩን አይመኑት፤ በኮሮና ጊዜ የተዘጉ ቤቶች አሉ፣ ዋጋውም ተለውጧል። ካርታውና ዳገቱ ብቻ ይጠቅሙዎታል።

የስልክ መተግበሪያ አዲስ መረጃ አለው፣ ክብደት የለውም፤ ካርታው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ እዚሁ በዋይፋይ ያውርዱት። ችግሩ ሶኬት ነው፤ በአዳራሹ ያለው ከአልጋው ቁጥር ያንሳል። የቤታችን ሁለት እግር ክቡ መሰኪያ ስፔን ውስጥ ይገባል፤ ከአንድ ፓወር ባንክ በቀር ሌላ አይግዙ።

ሦስተኛው ለሳሪያ መንገድ የምንመርጠው ነው። ግሮንሴ የተባለው የስፔንኛ ድረ ገጽ የየቀኑን ርቀትና የማረፊያ ዝርዝር በነጻ ያወጣል። አራት ኪሎ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ አምስቱን ቀን በአንድ በአንድ ወረቀት፣ ፊትና ጀርባ ያሳትሙ። ያስያዙትን ቤት ስልክና የማረጋገጫ ቁጥር በኅዳጉ ላይ በእጅ ይጻፉበት፣ ሁሉንም ላስቲክ ውስጥ ያስገቡ። ከመጽሐፍ ይረክሳል፤ ያለፈውን ቀን ገጽም መጣል ይቻላል።

ሙሉውን ለሚሄድ ይህ አይበቃም፤ መጽሐፍና መተግበሪያ ሁለቱም ያስፈልጉታል። ካሪዮን ደ ሎስ ኮንዴስ ከተባለችው ከተማ በኋላ 17 ኪሎ ሜትር ያህል አንድም መንደር አያገኙም። ከሴን ዣን ወደ ስፔን የሚሻገረው የፒሬኔ ተራራ መንገድም ከጥቅምት 22 እስከ መጋቢት 22 ዝግ ነው። 1,430 ሜትር ላይ የሚደርሰው ከፍታ አዲስ አበባ ላደገ ሳንባ ምንም አይደለም፤ ጉልበት የሚሰብረው ቁልቁለቱ ነው። የሞሉትን ሻንጣ ተሸክመው ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ አንድ ሁለት ቅዳሜ ይውረዱ።

ስለ መኝታ ልብስ አንድ ነገር፦ ጋቢ አይያዙ። አራት እጥፍ ድርና ማግ ነው፤ አንዴ ከራሰ በማግስቱ አይደርቅም፣ ሻንጣውንም ይሞላል። ነጠላ ቀላል ነው፤ በቶሎ ይደርቃል፣ ለቤተ ክርስቲያንም ይሆናል። ከእሱ ጋር ቀጭን ስሊፒንግ ባግ በቂ ነው። ትኋን አልፎ አልፎ ስለሚያጋጥም ሻንጣውን አልጋው ላይ አያውጡ፤ የፍራሹን ጠርዝና ስፌት በስልክ መብራት አይተው ይተኙ።

በስፔን ሐምሌ 18 የሚከበረው የሐዋርያው ያዕቆብ በዓል እሑድ የሚውልበት ዓመት ቅዱስ ዓመት ይባላል፤ ቀጣዩ በእኛ 2019፣ በፈረንጆቹ 2027 ነው። በዚያ ዓመት ከሳሪያ ወዲያ ያለው አልጋ ቀድሞ ይሞላልና ቪዛው የሚፈቅደው 6 ወር ሲከፈት፣ ከመድኑም በፊት፣ አልጋውን ይያዙ።