ኮልት 1911 ወይስ ብራውኒንግ ሃይ ፓወር?

ሁለቱም ሽጉጦች ላይ የአሜሪካዊው የመሣሪያ ንድፍ አውጪ የጆን ብራውኒንግ እጅ አለበት፤ ዕጣቸው ግን ለየቅል ነው። ኮልቱ በ1911 (በፈረንጆቹ) የአሜሪካ ጦር መደበኛ ሽጉጥ ሆነና በ1985 ቦታውን ለጣሊያኑ ቤሬታ ሽጉጥ እስኪለቅ ድረስ ሁለቱን የዓለም ጦርነቶች፣ ኮሪያንም ቬትናምንም አየ። ጥይቱ ወፍራም ነው፣ ካዝናው ግን 7 ብቻ ይይዛል።

ሃይ ፓወር 13 ይጎርሳል፣ ጥይቶቹ በሁለት ረድፍ ስለሚደረደሩ። ብራውኒንግ በ1926 ሲሞት ቤልጂየማዊው ሳይቭ ሥራውን ጨረሰው፣ በ1935 ወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች አምራቹን የቤልጂየም ፋብሪካ ኤፍኤንን ሲይዙ ለራሳቸው አሠሩት፤ ካናዳ ደግሞ ቶሮንቶ ላይ ለተቃራኒው ወገን ታመርተው ነበር። ጉድ እኮ ነው!

ገበያ ላይ? ያለ ጥርጥር 1911። ዛሬም ብዙ ኩባንያዎች ይሠሩታል፣ የአሜሪካ ዒላማ ተኳሾችም አይለቁትም። ሃይ ፓወርን ኤፍኤን ማምረት አቁሞ በ2022 በአዲስ መልክ መለሰው። ለወታደር ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁ፣ 13ቱ ይሻላል።