የሚፈጥነው 4060 ነው፤ እኔ ግን 3060ዬን አልለቅም

ሜክሲኮ አካባቢ፣ ሊፍቱ ደስ ሲለው ብቻ የሚሠራ ሕንፃ ላይ ነው ቢሯችን። አርክቴክቶች ፕላን ይሰጡናል፣ እኛ ምስልና አኒሜሽን እንሠራላቸዋለን። ሁለቱ ኮምፒውተሮቻችን ጎን ለጎን ናቸው። የኔው ላይ ባለ 12 ጊጋ ሜሞሪው አርቲኤክስ 3060 የሚባል ግራፊክስ ካርድ (ጂፒዩ፣ ምስሉን የሚያሰላው ክፍል) አለ። የባልደረባዬ ላይ ባለ 8 ጊጋው አርቲኤክስ 4060። ልደታ ካለው ሕንፃ ኮሌጅ ለልምምድ የሚመጡ ልጆች ገና ቦርሳቸውን ሳያወርዱ «የቱን ልግዛ?» ይላሉ። መልሴ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ወረቀቱን እንጨርስ። ኩባንያው ኢንቪዲያ 3060ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ላይ በ329 ዶላር ነው። 4060 በ2023 አጋማሽ በ299 ዶላር መጣ። የኮር (ሒሳቡን የሚሠሩት ትንንሽ ክፍሎች) ብዛት ካያችሁ አሮጌው ይበልጣል፦ 3584 ለ3072። ግን አትሸወዱ። አዲሱ ወደ 2.5 ጊጋኸርዝ ይሮጣል፣ አሮጌው 1.8 አካባቢ ነው። ካርዱ ውስጥ ያለው ካሽም (ቺፑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) 3 ሜጋ የነበረው 24 ሆኗል።

ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ላይ አንድ የሳሎን ሥራ በሁለቱም አስኬድነው። ሶፋ፣ መጋረጃ፣ የእብነ በረድ ወለል፣ ከመስኮት የሚገባ ፀሐይ። የኔው ሰባት ደቂቃ አካባቢ ወሰደበት፣ የሱ አምስት። እዚህ ላይ ክርክር የለም። ጌም ለሚጫወትም ያው ነው። ሳይበርፐንክ 2077ን የመሰለ ከባድ ጌም ላይ 4060 በኢንቪዲያ ቴክኖሎጂ በመሀል የራሱን ፍሬም (ምስል) ፈጥሮ ይጨምራል፣ 3060 ይህ የኢንቪዲያ ችሎታ የለውም። ቪዲዮ የምታቀናብሩም ከሆነ 4060 ኤቪ1 በሚባለው የቪዲዮ ቅርጸት ኢንኮድ ያደርጋል (ቪዲዮውን ጨምቆ ያስቀምጣል)። የኔው ኤቪ1ን ማጫወት እንጂ መሥራት አይችልም።

ከሁሉም የምቀናበት ግን መብራት ላይ ነው። 4060 ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ የሚጠቀመው 115 ዋት ነው፣ 3060 ደግሞ 170። ወረቀት ላይ ትንሽ ልዩነት ይመስላል። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ተቀምጣችሁ ስትሠሩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሬንደር (ምስሉን የማስላት ሥራ) እየሄደ መብራት እልም ሲል የኔ ዩፒኤስ ወዲያው መጮህ ይጀምራል፣ ሴቭ እስካደርግ እጄ ይንቀጠቀጣል። ባልደረባዬ ተረጋግቶ ሴቭ ያደርጋል፣ ኮምፒውተሩን በወጉ ይዘጋል፣ ከዚያ «ቡና እንውረድ?» ይለኛል። ያናድዳል።

እስካሁን 4060ን ነው ያሞገስኩት። ታዲያ ለምን አልቀይርም?

ደንበኞቻችን ሳሎን ብቻ አያዙንም። አንድ የጂ+7 ሕንፃ ባለቤት ፎቁ ብቻ ተሠርቶ ቢቀርብለት ደስ አይለውም። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ደግሞ ሁሉም የፊት ለፊቱን መንገድ ጭምር ማየት ይፈልጋል። ሰፊው የእግረኛ መንገድ ይግባ፣ የብስክሌቱም መስመር ይግባ፣ የመንገድ መብራቱ፣ ሣሩ፣ አበባው። አይቶ ይጨርስና «ዘንባባ ቢጨመርበትስ?» ይላል። ይጨመራል፣ ምን ይደረጋል።

ይህ ሁሉ የሚቀመጠው ካርዱ ላይ ባለው ሜሞሪ ነው። ሒሳቡን እንየው። አንድ 4ኬ ቴክስቸር (ዕቃው ላይ የሚለበጥ ምስል) 4096 በ4096 ፒክስል ነው፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል አራት ባይት። ሲባዛ 64 ሜጋ ይመጣል። ፋይሉ ጄፔግ ሆኖ ዲስክ ላይ ስድስት ሜጋ ቢሆን ለውጥ የለውም፣ ብሌንደር ፈትቶ ነው የሚጭነው። ለአንድ ድንጋይ ደግሞ አንድ ምስል አይበቃም። ቀለሙ አንድ፣ ሻካራነቱ አንድ፣ ጎርባጣነቱ አንድ። ሦስቱም በሙሉ ቀለም ከተቀመጡ አንድ ድንጋይ ብቻ 192 ሜጋ በላ። እንዲህ ያለ ሃያ ዓይነት ማቴሪያል ስታስገቡ ወደ 4 ጊጋ ተጠጋችሁ፤ ዛፍና መኪና ገና አልገባም። በዚያ ላይ ዊንዶውሱ፣ ሁለተኛው ሞኒተርና በክሮም የተከፈተው ነገር ሁሉ ከዚያችው 8 ጊጋ ላይ ይቆርሳሉ።

ሲሞላ ምን ይሆናል? 4060 ከኮምፒውተሩ ራም እየተበደረ በጣም ይዘገያል፣ ያም ካልበቃ ጭራሽ ይቆማል። የጂፒዩ ሜሞሪ አለቀ የሚል መልእክት ይመጣና አበቃ። ባልደረባዬ መላ አያጣም። ቴክስቸሩን ወደ 2ኬ ያወርዳል፣ 64 የነበረው 16 ሜጋ ይሆናል። ከካሜራ ራቅ ያለውን ዛፍ ያቀላል። የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ ሬንደር አድርጎ ይገጣጥማል። ያልቅለታል፣ ግማሽ ቀን ግን እዚያው ላይ ይሄዳል። ሥራው ለነገ ጠዋት ከሆነ ፍላሹን ይዞ ወደኔ ወንበር ይመጣል። እኔም አላሳፍረውም። ሁለት ደቂቃ ያተረፈ ካርድ ግማሽ ቀን ካስከፈለ፣ ፍጥነቱ ለኔ ምኔ ነው?

ሌላ ትንሽ ነገር። 4060 ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በስምንት መስመር ነው፣ 3060 ግን በአሥራ ስድስት። ማዘርቦርዳችሁ አዲስ ከሆነ ብዙም አታስቡበት። የቆየና ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 (ካርዱ የሚሰካበት መስመር የቀድሞ ትውልድ) ከሆነ ግን ጠባቡ መንገድ የባሰ ይጠብባል፣ በተለይ ሜሞሪው ሲጣበብ።

አሁን ወደ ገበያው። ብር በገበያ ዋጋ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ጠዋት የተነገራችሁ ዋጋ ከሰዓት ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ እዚህ ቁጥር አልጽፍም። 3060ን አሁን የምታገኙት ባብዛኛው ያገለገለ ነው። ክሪፕቶ ሲቆፍር የኖረ ሊሆን ይችላል። ሻጩ «እናቴ ትሙት፣ አልተነካም» ቢልም አስገጥማችሁ ሩብ ሰዓት ያህል ከባድ ነገር አስሩጡት። ፋኑን ስሙ፣ ሙቀቱን እዩ።

ከሁሉም የከፋው ወጥመድ ግን ስሙ ነው። ኢንቪዲያ በኋላ ባለ 8 ጊጋ 3060 አውጥቷል። ስሙ ያው፣ መልኩ ያው። የሜሞሪው መንገድ ግን ከ192 ቢት ወደ 128 ወርዷል። ያንን ከገዛችሁ የዘገየም የጠበበም ካርድ ይዛችሁ ገባችሁ ማለት ነው። ካርቶኑን አትመኑ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ 12 ጊጋና 192 ቢት መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። አሮጌ ቺፕ በአዲስ ስም ተጽፎበት ከሆነም ብዙ ጊዜ ያጋልጠዋል። «አይቻልም፣ ኮምፒውተር የለንም» ያለ ሱቅ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ያገለገለ የቢሮ ዴል ወይም ኤችፒ ገዝታችሁ ካርድ ልታስገቡበት ያሰባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ፓወር ሰፕላዩን ክፈቱና እዩ። ባለ ስምንት ፒን ገመድ ከሌለው ሁለቱም ካርዶች አይሆኗችሁም።

ለተማሪዎቹ የምለው ይኸው ነው። የውስጥ ዲዛይን፣ ቪዲዮና ጌም ከሆነ ሥራችሁ 4060 ውሰዱ። ሕንፃ ከነመንደሩ የምታሳዩ ከሆነ ባለ 12ቱን 3060 ፈልጉ። ገንዘብ ያለው ደግሞ ሁለቱንም ትቶ ባለ 16 ጊጋውን 5060 ቲአይ ይግዛ። ቲአይ የሌለው 5060 በ2025 ወጥቶም አሁንም 8 ጊጋ ነው፣ ምን አስበው እንደሆነ እንጃ። ባልደረባዬ ባለ 16ቱን ማጠያየቅ ጀምሯል። 4060ው ሊሸጥ ነው ማለት ነው፤ ጌም ለሚወድ ሰው በደንብ የተያዘ ካርድ ነው።