ተጠባባቂ ጎታች መርከብ፦ መከራየት፣ ማሠራት ወይስ በጥሪ መጠቀም?

ጠረፉን ከመርከብ አደጋና ከነዳጅ መፍሰስ ለመጠበቅ ጎታች መርከብ የሚፈልግ መንግሥት ሦስት መንገዶች አሉት፤ ከግል ኩባንያ በረጅም ጊዜ ውል መከራየት፣ የራሱን ማሠራት፣ ወይም አደጋ ሲደርስ በአቅራቢያው የተገኘውን መጥራት። ሦስተኛው በበጀት ሠንጠረዥ ላይ ወጪ የሌለው ስለሚመስል ቀልብ ይስባል፤ ዋጋው የሚታወቀው ግን በአደጋው ቀን ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1978፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ «አሞኮ ካዲዝ» የተባለችው ግዙፍ ነዳጅ ጫኝ መርከብ በፈረንሳይ ብሪታኒ ጠረፍ አጠገብ ስታልፍ መሪዋ ተበላሸ። የደረሰላት «ፓሲፊክ» የተባለ የጀርመን ጎታች ነበር፤ ነገር ግን በማዳኑ ውል ላይ ሳይስማሙ ሰዓታት አለፉ፣ ከሰዓት በኋላ የጉተታው ገመድ ተበጠሰ፣ ዳግም የታሰረውም አልያዘም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ መርከቧ ከፖርሳል መንደር ፊት ለፊት ከዐለት ጋር ተላተመች፤ ከ220,000 ቶን በላይ ድፍድፍ ነዳጅም ፈሰሰ። ችግሩ የባከነው ጊዜ ብቻ አልነበረም፤ የጎታቹ ጉልበትም ያን የሚያህል ክብደት በዚያ ማዕበል ለመያዝ አልበቃም። ብሪታንያም የአራት ተጠባባቂ ጎታቾቿን ውል በበጀት ቅነሳ ምክንያት በ2011 ለማቋረጥ ብትወስንም፣ ለሰሜን ስኮትላንድ አንዱን ማቆየት ግድ ሆኖባታል።

ፈረንሳይ ከዚያ አደጋ በኋላ የመረጠችው ኪራይን ነው። ዛሬ በብሬስት ወደብ የምትጠብቀው «አቤይ ቡርቦን» በ2005 ሥራ የጀመረች፣ 80 ሜትር ርዝመትና 200 ቶን ያህል የመጎተት ኃይል ያላት መርከብ ስትሆን፣ ባለቤቷ የግል ኩባንያ፣ አዛዧ ግን የባሕር ኃይሉ ነው። ንፋሱ ሲበረታ ወደብ ውስጥ አትቆይም፤ መርከቦች ወደሚተላለፉበት ወደ ኡዌሳን ደሴት ቀርባ ትጠብቃለች። በአካባቢው ባሕር ላይ የመንግሥት ተወካይ የሆነው የባሕር አስተዳዳሪም አደጋ ላይ ያለው መርከብ ባለንብረት ቢያመነታ እንኳ በማስጠንቀቂያ መርከቡን የማስጎተት ሥልጣን ስላለው፣ የ1978ቱ ዓይነት ድርድር ሥራውን አያግደውም። በእኔ ግምት የዚህ ምርጫ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው።

ስፔን ደግሞ ነዳጅ ጫኟ «ፕሬስቲጅ» በ2002 ከሰጠመች በኋላ «ዶን ኢንዳ» እና «ክላራ ካምፖአሞር» የተባሉ 80 ሜትር የሚረዝሙ፣ 228 ቶን የመጎተት ኃይል ያላቸው ሁለት መርከቦችን ለራሷ አሠርታለች። እነዚህ ከመጎተት አልፈው የፈሰሰ ነዳጅ ከባሕር ላይ ሰብስበው በማጠራቀሚያቸው ይይዛሉ። ጥገናውና የሠራተኛው ደመወዝ ግን ዘላለም የመንግሥት ሸክም ስለሆነ፣ ይህ መንገድ የሚያዋጣው ረጅም ጠረፍና የራሱ የባሕር ነፍስ አድን ድርጅት ላለው አገር ነው።

ገንዘቡን ማን ይክፈል ለሚለው የአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ጥሩ ምሳሌ ናት፤ በኒያ ቤይ የሚጠብቀውን ጎታች በመጀመሪያ መንግሥት ይከፍልለት ነበር፣ ከ2010 ወዲህ ግን በሕግ የመርከብ ኢንዱስትሪው እንዲከፍል ተደርጓል።

ተጠባባቂ ጎታች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያቆም መንግሥት ኪራዩን እመርጥለታለሁ። በውሉ ላይ ከሞተሩ የፈረስ ጉልበት ይልቅ በፈተና የተረጋገጠ የመጎተት ኃይል በቶን ይጻፍ፤ ሠራተኞቹ ሌሊትም ቀንም መርከቡ ላይ እንዲያድሩ፣ መርከቡ ለጥገና ሲወጣም ኩባንያው በራሱ ወጪ እኩል ጉልበት ያለው ምትክ አስቀድሞ በቦታው እንዲያቆም ይገደድ።