18 በ9 ቸርኬ፣ ኦፍሴት 25፦ ከስምንት ወር በኋላ

የቀኝ የኋላ ጎማው ትከሻ ላይ በምላጭ የተሰመረ የሚመስል መስመር አለ። ዙሪያውን ይዞራል፣ ጥፍር ያስገባል። ያሰመረው የፓራፋንጎው የውስጥ እጥፋት ነው፤ ጥፋቱ ግን የፓራፋንጎው ሳይሆን ቸርኬው ጀርባ ላይ የተቀረጸችው «ኢቲ 25»፣ ማለትም ኦፍሴት 25፣ ናት። ስለ ቸርኬዎቹ ሌላ ብዙ የሚባል የለም። ቀለማቸው አልላጠም፣ አልተሰነጠቁም፣ ንፋስም አያስወጡም። ጉዳዩ ያቺ 25 ናት።

መኪናው ቶዮታ 86 ነው። ከፋብሪካ የመጣው ቸርኬ 17 በ7 (ቁመቱ 17፣ ወርዱ 7 ኢንች)፣ ኦፍሴቱ 48፣ ጎማው 215/45 አር 17 (ወርዱ 215 ሚሊ ሜትር፣ ጎኑ የወርዱ 45 በመቶ) ነበር። የገዛሁት 18 በ9፣ ኦፍሴት 25፣ ከ225/40 አር 18 ጎማ ጋር። ሻጭ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፦ «አምስት ቡሎን፣ አምስት ቀዳዳ፤ ሌላ ምን ቀረህ?» ብዙ ነገር ቀረኝ፣ ወንድሜ።

ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት እምብርት) ላይ የሚያርፍበት ፊት ከወርዱ መሃል ስንት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ እንደራቀ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ከመኪናው ይወጣል። ሒሳቡ የልጅ ነው። የቸርኬውን ወርድ በ25.4 አባዝቶ ለሁለት ማካፈል፤ ከዚያ ኦፍሴቱን ሲቀንሱለት ወደ ውጭ የሚሄደው፣ ሲደምሩለት ወደ ውስጥ የሚገባው ይወጣል። የዋናው ቸርኬ ወደ ውጭ 40.9፣ ወደ ውስጥ 136.9 ነው። የአዲሱ ወደ ውጭ 89.3፣ ወደ ውስጥ 139.3። የቸርኬው ከንፈር በእውን ከዚህ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይበልጣል፤ ግን በሁለቱም ላይ ስላለ ልዩነቱን አይነካውም።

ስለዚህ «አሞርዛተሩን አይነካም» ሲባል ውሸት የለበትም፤ ወደ ውስጥ የተጨመረው 2.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያልተነገረው በሌላ በኩል ያለው 48.4 ሚሊ ሜትር ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር ሊሞላ ምን ቀረው?

ባዶ መኪና ሜዳ ላይ ሲነዳ ምንም አይሰማም። ለዚህም ነው ከሱቅ በር ላይ ዞር ዞር ብሎ መሞከር ምንም የማያሳየው። ከኋላ ሁለት ሰው ተቀምጦ ከጅማ ወደ ጅረን ኮረብታ ሲወጣ፣ ጎማው ጉድጓድ ገብቶ ሲነሳ ነው «ግርር» የሚለው። ከሰኮሩ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ኩርባው ላይ የውጪው የኋላ ሞላ ሙሉ በሙሉ ይጨመቃል፤ የተቃጠለ ጎማ ሽታ መስኮት ተዘግቶም ይገባል። የፊቱ ጎማ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር የሚነካው የውስጥ ፕላስቲኩን ነው፤ እሱ ቀላል ነው፣ ጎማ አይቆርጥም።

ክረምቱን ሳልጠቅስ አላልፍም። የጅማን ቀይ ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎማው ከፓራፋንጎው ውጭ ስለቆመ የሚረጨውን የሚከልለው የለም፤ በሩ እስከ መስታወቱ፣ አንዳንዴም ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ልብስ ድረስ። ቸርኬው ውስጥ ገብቶ የደረቀ ጭቃ ደግሞ ባላንስ ያጠፋል። መሪው ድንገት መንቀጥቀጥ ከጀመረ ጎሚስታ ጋ ከመሄድ በፊት የቸርኬውን ጀርባ ማጠብ ነው።

ሻጩ መድኃኒት አያጣም። «ካምበር ስጠው፣ ይገባልሃል።» አንድ ዲግሪ የጎማውን አናት ወደ ውስጥ የሚያስገባው ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አምስቱን በዚህ ለማዳን ስንት ዲግሪ ሊሰጥ ነው? የጎማው የውስጥ ጎን በጥቂት ወር ክር ያወጣል። «ፓራፋንጎውን እጠፈው።» ይታጠፋል፤ ቀለሙ በሙቀት ሳይለሰልስ ከታጠፈ ግን ይሰነጠቃል፣ በዚህ ዝናብ ደግሞ ስንጥቁ ዝገት ነው። «ሞላውን አጠንክረው።» ለጅማ መንገድ? ይቅርብኝ። «ኢንቹን ቀንስ» የሚለኝ ወዳጅም አለ፤ እሱም ተሳስቷል። የ215/45 ጎን ቁመቱ 97 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ የ225/40 ደግሞ 90። ከ17 ወደ 18 መሄድ ከጎማው ጎን የወሰደው 7 ሚሊ ሜትር ነው፤ እዚህ ወንጀለኛው ኢንቹ አይደለም።

ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው፦ የበዛ ኦፍሴት መድኃኒት አለው፣ ያነሰ ግን የለውም። 45 ሆኖ ጎማው ወደ ውስጥ ከተጠጋ 5 ሚሊ ሜትር ስፔሰር (በቸርኬውና በሞዞው መሃል የሚገባ ሳህን) ያወጣዋል። 25 ሆኖ ከወጣ ግን ስፔሰር ይብስበታል፤ ሞዞው ላይ የሚያርፈውን ፊት ማስቆረጥ ደግሞ ቸርኬውን ማዳከም ነው። በዚያ ላይ የጎማው መሃል 23 ሚሊ ሜትር ስለወጣ ኩሽኔታው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል፣ መሪውም የከባድ መኪና ጎማ ያሰመረውን ቦይ ይከተላል።

ከመግዛት በፊት የሚበቃው መሣሪያ የግንበኛ ቱምቢ ነው። መኪናውን ደልዳላ ላይ አቁሞ ከፓራፋንጎው ጠርዝ በጎማው መሃል ትይዩ ማንጠልጠል፣ ከክሩ እስከ ጎማው ጎን ያለውን መለካት። ከኋላ ሁለት ሰው አስቀምጦ መድገም። የሚጨመረው ከዚያ ልኬት ካለፈ ቸርኬውን አለመንካት ነው።

ሁለት ነገር ቶሎ ልበል። አንደኛ፣ የ86 ሞዞ 56.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእነዚህ ቸርኬዎች የመሃል ቀዳዳ 73.1። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ሳይገባበት ከታሰረ በ90 ፍጥነት ይንቀጠቀጣል፣ ሦስት ጊዜ ባላንስ ቢሠራም አይተወውም። ቀለበቱ አሉሚኒየም ቢሆን ይመረጣል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሞዞው ሲግል ፕላስቲኩ ይለሰልሳል። የፕሪየስ ቸርኬ አምስት ቀዳዳው ልክ ቢመጣም መሃሉ 54.1 ስለሆነ ጭራሽ አይቀመጥም። ሁለተኛ፣ ዳዶው ኤም 12 በ1.25 ነው (ውፍረቱ 12፣ የጥርሱ ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር)። ጎሚስታው ከቆርቆሮ ጣሳው የሚያወጣው የኮሮላ ዳዶ 1.5 ነው፤ ሁለት ዙር በእጅ ገብቶ ከጠነከረ በቁልፍ አለመግፋት፣ ቡሎኑን ይበላዋል። ማጥበቂያው 120 ኒውተን ሜትር ነው፦ ቶርክ ቁልፍ ከሌለ ግማሽ ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ 24 ኪሎ ያህል መጫን። ከመቶ ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ ማየት።

ዛሬ ልግዛ ብል 17 በ8፣ ኦፍሴት 45፣ ከ225/45 ጋር ነበር። ወደ ውጭ 16 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ወደ ውስጥ 10 ይጨምራል፤ ምንም አይነካም፣ ከጎን ሲታይም አያሳፍርም። በፈረንጆቹ 2024 የነዳጅ መኪና ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ለዚህ ፓራፋንጎ ምትክ ማግኘት ቀላል አይሆንም፣ ስለዚህ የሚቀየረው ቸርኬው ነው።

ያም ሆኖ ታጥቦ የማታ ፀሐይ ከኋላ ሲያርፍበት መኪናው ሌላ ነው። «ይሸጣሉ» የሚለው ወረቀት እስካሁን አልተለጠፈም፤ ፊት ያሉት ሁለቱ ለጊዜው ይቆዩ፣ የኋላዎቹ ግን እስከ ክረምት ይወርዳሉ።