ለገሃር አካባቢ ያሉት የኔትወርክ ልጆች፣ የሰዓት ሲንክ (የኮምፒውተሮችን ሰዓት ማስማማት) ከነኪው (ከ5 ኮከብ 3)

ስማቸውን አልጠራም፣ መጨረሻ ላይ ስላስተካከሉት ልተዋቸው ብዬ ነው። ከለገሃር ወደ ስታዲየም ስትሄዱ አንዱ ፎቅ ላይ 3ኛ ላይ ናቸው፣ ሊፍቱ አይሰራም፣ ደረጃውን ጨርሳችሁ ስትገቡ ግን ሳትጠይቁ ውሃ ይሰጧችኋል እሱን አልክድም።

የኔ ጉዳይ ምን መሰላችሁ፣ ዋናው ቢሯችን አራት ኪሎ ነው፣ ሜክሲኮና ቦሌ ቅርንጫፍ አለን፣ የሶስቱ ሰዓት ደግሞ አልገናኝ አለ። የሜክሲኮው ኮምፒውተር የማዘርቦርዱ ባትሪ ስላለቀ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ስንት ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። የቦሌዋ ካሸር ደግሞ እኔ ላስተካክለው ብላ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ በኛ አቆጣጠር 3፡00 ብላ ሞላችው፣ ማሽኑ ከሌሊቱ 9 ሰዓት መሰለው፣ ቀኑን ሙሉ 6 ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ሲመዘግብ ዋለ። ኦዲተሩ መጥቶ "በሌሊት የምትሸጡት ለማን ነው?" ሲለኝ ምን ልበለው።

ስለዚህ አራት ኪሎ ያለው ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ክሮኒ የሚባለው የሰዓት ማስተካከያ ፕሮግራም ተጭኖ ሌሎቹ ከሱ ሰዓት እንዲወስዱ ፈለግኩ፣ ያውም ከነኪው፣ ሰርቨሩና ቅርንጫፉ ብቻ ከሚያውቁት የሚስጥር ቁልፍ ጋር ማለት ነው። ኪው ለምን አስፈለገ ለምትሉ፣ ኤንቲፒ (ኮምፒውተሮች በኔትወርክ ሰዓት የሚጠያየቁበት መንገድ) በዩዲፒ ፖርት 123 ዝም ብሎ ራቁቱን ነው የሚሄደው፣ መሃል ላይ የገባ ሰው "ሰርቨሩ እኔ ነኝ" ብሎ የፈለገውን ሰዓት ሊያጎርሳችሁ ይችላል። ኪው መልእክቱን አይደብቅም ይሄን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል፣ ደብዳቤ ላይ እንደሚመታ ማህተም በሉት፣ ማንም ያነበዋል ግን ከማን እንደመጣና መሃል ላይ እንዳልተነካካ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ የተላከው ልጅ ፈጣን ነው፣ ጨዋታ ያውቃል፣ 40 ደቂቃ አልፈጀበትም። ሰዓቱ ገጠመ፣ ሁላችንም ደስ አለን፣ ከፈልኩ። ኪውን "ለሪከርድ ያዘው" ብሎ በቴሌግራም ስክሪንሾት ላከልኝ። ሚስጥር የሚባለውን ነገር በቴሌግራም! ያኔ ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

ማታ ቤት ገብቼ ትንሽ አነበብኩና በነጋታው ሜክሲኮ ሄጄ ኪ ፋይሉ ውስጥ ካሉት ፊደላት ሁለቱን ሆን ብዬ ቀየርኩ፣ ክሮኒን ሪስታርት አደረግኩት። ኪው ስለተሳሳተ ሰዓቱን እምቢ ማለት ነበረበት አይደል? ምንም! ሰላም ነው፣ ሲንክ ያደርጋል። ክሮኒሲ አውዝዳታ የሚለውን ትዕዛዝ (ኪው እየሰራ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየውን) ሰጥቼ ሳየው ሞድ የሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ፣ ኪ አይዲው ዜሮ። ለካ ልጁ ኪ ፋይሉን አስቀምጧል፣ ፋይሉ የት እንዳለም ኮንፊጉ ላይ ጽፏል፣ ግን ሰርቨር በሚለው መስመር ጫፍ ላይ "ኪ 1" የምትለዋን ረስቷታል። እሷ ከሌለች ክላይንቱ ያለ ማህተም ይጠይቃል ሰርቨሩም ያለ ማህተም ይመልስለታል፣ ፋይሉ ውስጥ ያለው ኪ ጌጥ ሆኖ ይቀመጣል ማለት ነው።

ደወልኩለት። "ጋሼ፣ ሰዓቱ እኮ ትክክል ነው፣ ሌላ ምን ፈለጉ?" አለኝ። (ገና 38 ዓመቴ ነው።) ሰዓቱ ትክክል መሆኑን ግድግዳ ላይ ያለውም ይነግረኛል፣ የከፈልኩት ለማህተሙ ነው ብዬ ዘጋሁት።

በሶስተኛው ቀን ሌላ ልጅ ላኩ፣ ሴት ናት፣ ብዙ አታወራም። ቁጭ እንዳለች ኪ ፋይሉ ማንም ዩዘር እንዲያነበው ክፍት መሆኑን አየች፣ ዘጋችው። ኪው ኤምዲ5 የሚባለው ያረጀና ደካማ አይነት ነበር፣ ኪ ፋይሉ ላይ አይነቱን ካልጻፋችሁ ክሮኒ እሱን ነው የሚወስደው። እሷ ሻ256 በሚባለው ጠንከር ባለው አይነት አዲስ አወጣች፣ ያውም ለሜክሲኮ አንድ ለቦሌ ሌላ፣ "አንዱ ቢወጣ ሁለቱንም እንዳንቀይር" ብላ፣ ከዛ በኤስኤስኤች (ተመስጥሮ በሚሄደው መንገድ) አሻገረችው። ቁጥሩም፣ አይነቱም፣ ኪው ራሱም ሁለቱም ጋ አንድ መሆን አለበት፣ አንዷ ከተዛባች አይሰራም።

ከዛ ሳልጠይቃት እኔ ያደረግኩትን ራሷ አደረገችው፣ ኪውን አበላሽታ ሪስታርት። ከሰርቨሩ የመጣውን መልስ የሚያሳየው ሪች የሚለው ኮለም ዜሮ ላይ ተገትሮ ቀረ። "አየህ እምቢ አለ" አለችኝ። ትክክለኛውን መለሰች፣ ቡናችንን እየጠጣን ጠበቅን፣ ሪቹ ቀስ እያለ 377 ገባ፣ ያ ማለት የመጨረሻዎቹ 8 ጥያቄዎች በሙሉ መልስ አግኝተዋል። አውዝዳታው ላይም ሰረዙ ጠፍቶ ኤስኬ (በኪ የተረጋገጠ ማለት ነው) መጣ። እውነት ለመናገር እዛች ጋ ነው ገንዘቤ የገባኝ።

ኤንቲኤስ ለምን አይሆንም ብዬም ጠየቅኳት፣ በፈረንጆቹ 2020 ላይ የወጣውን፣ በሰርተፊኬት የሚሰራውን የኤንቲፒ ማህተም። ከኢንተርኔት ሰዓት ለሚወስደው ለዋናው ሰርቨር እሱ ይሻላል፣ ክላውድፍሌር የሚባለው የኢንተርኔት ኩባንያ በነጻ ይሰጣል፣ ፋየርዎሉ ላይ ቲሲፒ ፖርት 4460 ይከፈት አለች። ለቅርንጫፎቹ ግን፣ በተለይ ለዛ ባትሪው ላለቀው፣ ሰዓቱ ዓመታት ወደኋላ ከሄደ ሰርተፊኬቱን ራሱ ልክ አይደለም ብሎ ሊጥለው ይችላል፣ ኪ ይበቃቸዋል አለች። አሳመነችኝ። ባትሪውንም ቀይሩት አለች፣ እስካሁን አልቀየርንም።

ዋጋው 8 ሺህ ብር ነው ሶስቱንም ቦታ፣ ለሁለተኛው ምልልስ አላስከፈሉም፣ ደረሰኝ ይቆርጣሉ። ሁለት ኮከብ የቀነስኩት ለመጀመሪያው ልጅ ነው። ከሄዳችሁ ልጅቷን ጠይቁ፣ እሷ ከሌለችም ሰውየው ሳይወጣ ኪውን አበላሽቶ እንዲያሳያችሁ አድርጉ።

ያ ስክሪንሾት አሁንም ቴሌግራሜ ላይ አለ፣ ከስሩ ልጁ አውራ ጣት አድርጎበታል።